የመረጃ ቋትን በተለያዩ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ላይ ስለመጠቀም፦ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ለዕድሮችና ለአነስተኛ ድርጅቶች የቀረበ መረጃ

መግቢያ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ዕድሮች፣ የግል ክሊኒኮች፣ ትምህርት ቤቶችና አነስተኛ ድርጅቶች የአባላትና የደንበኞች መዝገባቸውን በኮምፒውተር መያዛቸው አገልግሎትን እንደሚያቀላጥፍ ይታወቃል። ይሁንና መዝገቡ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚከፈት ከሆነ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ሊለወጥ ይችላል።

ለምሳሌ በደብረ ማርቆስ ከተማ ጽሕፈት ቤት ያለው አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን ዕጣ፣ የአፈር ማዳበሪያ ብድርና የስንዴ ርክክብ በዊንዶውስ ኮምፒውተር መዝግቦ ይዟል እንበል። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ በምትኩ የተገኘው ላፕቶፕ ሊኑክስ የተጫነበት ቢሆን፣ ፋይሉ በፍላሽ ተገልብጦ ቢመጣም ላይከፈት ይችላል። ቢከፈትም የአባላቱ ስም በማይነበብ ምልክት ተሞልቶ፣ የብድር መመለሻ ቀኑም ተዛብቶ ሊታይ ይችላል። ከማቻከል ወይም ከስናን ወረዳ ተነሥቶ የትርፍ ክፍፍሉን ለመቀበል የመጣ አባል ያለ ጥፋቱ ተጉላልቶ ይመለሳል፤ ድርሻውን የሚያስረዳለት ሌላ ማስረጃ ከሌለም መብቱ አጠያያቂ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ችግር የሚደርስባቸውን ምክንያቶችና አስቀድሞ መከላከል የሚቻልባቸውን መንገዶች ያብራራል። ዋና መልእክቱም አንድ ነው፦ መዝገብ ከኮምፒውተሩም ሆነ ከፕሮግራሙ ዕድሜ በላይ እንዲኖር ተደርጎ መደራጀት አለበት።

1. መሠረታዊ ቃላት

የመረጃ ቋት ወይም በተለምዶ ዳታቤዝ የሚባለው እርስ በርሳቸው የተያያዙ ሠንጠረዦችን በአንድነት የያዘ መዝገብ ነው። አንዱ ሠንጠረዥ የአባላትን ዝርዝር፣ ሌላው የብድርን፣ ሦስተኛው የክፍያን ሊይዝ ይችላል፤ ሦስቱንም የሚያገናኛቸው የአባሉ መለያ ቁጥር ነው።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወይም ሥርዓተ ክወና ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። በጠረጴዛና በእጅ ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት የሚገኙት ዊንዶውስ፣ ማክኦኤስ እና ሊኑክስ ናቸው።

አንድ የመረጃ ቋት ከአንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ ሌላው ሲሻገር ሁሉም ክፍሎቹ እኩል አይሻገሩም። በሠንጠረዦች ውስጥ ያለው መረጃ በአብዛኛው ይሻገራል። መረጃ ማስገቢያ ቅጾች፣ ሪፖርቶችና በውስጡ የተጻፉ ትእዛዞች ግን ከተሠሩበት ፕሮግራም ጋር የተቆራኙ በመሆናቸው እንደገና መሠራት ይኖርባቸዋል። ስለዚህ «ዳታቤዙ ተሻግሯል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «መረጃው ተሻግሯል ወይ? ቅጹስ?» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ተገቢ ነው።

2. የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሠራል?

ማይክሮሶፍት አክሰስ፦ እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ የቀረበና በብዙ ጽሕፈት ቤቶች የሚታወቅ ፕሮግራም ሲሆን የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ለማክ የተዘጋጀው የኦፊስ ጥቅል ዎርድንና ኤክሴልን ቢይዝም አክሰስን አይጨምርም፤ ለሊኑክስም አልተዘጋጀም። ፋይሎቹ እስከ 2003 እትም ድረስ «ኤምዲቢ»፣ ከ2007 እትም ጀምሮ ደግሞ «ኤሲሲዲቢ» በሚል ቅጥያ ይቀመጣሉ። የአንድ ፋይል መጠን ከ2 ጊጋባይት ሊበልጥ አይችልም። የተዘጋጀን የአክሰስ መዝገብ ለመጠቀም ብቻ የሚያገለግል አክሰስ ራንታይም የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ እርሱም ዊንዶውስ ይፈልጋል።

ሊብረኦፊስ ቤዝ፦ በነጻ የሚገኝና በዊንዶውስ፣ በማክኦኤስ እና በሊኑክስ የሚሠራ ነው። በዊንዶውስ ላይ የማይክሮሶፍት የአክሰስ ማንቀሳቀሻ ከተጫነ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ደግሞ ዩካንአክሰስ በተባለው የጃቫ አገናኝ አማካኝነት የአክሰስን ሠንጠረዦች ማንበብ ይችላል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው መረጃው በቤዝ ፋይል ውስጥ ታሽጎ ሲቀመጥ ነው። በዚህ አሠራር አዲስ የገባው መረጃ ወደ ፋይሉ በሚገባ የሚጻፈው መዝገቡ ሲቀመጥና ሲዘጋ በመሆኑ፣ በሥራ መካከል መብራት ቢጠፋ መረጃ ሊጎድል ወይም ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ባለበት አካባቢ መረጃውን በተለየ ፋይል ወይም በሰርቨር ላይ አስቀምጦ ቤዝን እንደ ቅጽ ማሳያ ብቻ መጠቀም ይመከራል።

ፋይልሜከር፦ የሚከፈልበት ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስና በማክ መካከል ቅጾቹንና ሪፖርቶቹን ጭምር ይዞ ይሻገራል፤ ለሊኑክስ ተጠቃሚ ግን የጠረጴዛ ኮምፒውተር እትም የለውም።

ኤስኪውላይት፦ መላውን የመረጃ ቋት በአንድ ፋይል የሚይዝና ፋይሉ ያለ ምንም ለውጥ በሦስቱም ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች የሚከፈት ነው። ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል፤ በስማርት ስልኮችም ውስጥ በስፋት ይሠራበታል። አዘጋጆቹ እስከ እ.ኤ.አ. 2050 ድረስ ሊደግፉት ያቀዱ መሆናቸውን አሳውቀዋል። የራሱ መረጃ ማስገቢያ ቅጽ ስለሌለው ግን ዲቢ ብራውዘርን ከመሰለ ነጻ ፕሮግራም ጋር አብሮ ማገልገል ይኖርበታል።

ማይኤስኪውኤል እና ፖስትግሬኤስኪውኤል፦ በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጠው በመረብ ለተገናኙ ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ የሚያገለግሉ ናቸው። ሰርቨሩ ሊኑክስ፣ የአንዱ መስኮት ኮምፒውተር ዊንዶውስ፣ የሌላው ማክ ቢሆንም ችግር የለም። በሦስትና በአራት መስኮት በአንድ ጊዜ አባላትን ለሚያስተናግድ ተቋም ይህ የተሻለ ምርጫ ሲሆን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ያስፈልገዋል።

አንድ ጸሐፊ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የሚሠራበት ዕድር ወይም ማኅበር ሰርቨር መትከል አያስፈልገውም። በአክሰስ መቀጠል የሚፈልግም ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን በክፍል 7 እንደተገለጸው የሠንጠረዦቹን ቅጂ በየጊዜው ማንኛውም ኮምፒውተር በሚያነበው ዓይነት አውጥቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

3. የአማርኛ ጽሑፍ ለምን ይጠፋል?

በአገራችን መዝገብ ሲሻገር በብዛት የሚያጋጥመው ችግር የፕሮግራሙ አለመከፈት ሳይሆን የፊደሉ አለመነበብ ነው። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በአንዳንድ ጽሕፈት ቤቶችም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ሲጻፍ የቆየው የግዕዝን ፊደላት ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደበው ቦታ ላይ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ባለ ፎንት የተጻፈ ስም በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው እንደ ላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ፣ ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ መስሎ ይታያል፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ግን ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል።

መዝገብዎ በዩኒኮድ የተጻፈ መሆኑን ለማወቅ የሚከተለውን ቀላል ሙከራ ያድርጉ፦

ሀ. ከሠንጠረዡ ጥቂት ስሞችን ገልብጠው በባዶ ሰነድ ላይ ይለጥፉ።
ለ. ፎንቱን ወደ ተራ የላቲን ፎንት፣ ለምሳሌ ወደ አሪያል ይቀይሩ።
ሐ. ፊደላቱ ግዕዝ ሆነው ከቀሩ መዝገቡ በዩኒኮድ የተጻፈ ነው። ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከተለወጡ ግን መዝገቡ በቀድሞው አሠራር የተጻፈ በመሆኑ ከመሻገሩ በፊት በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይኖርበታል።

የመለወጡ ሥራ ፎንቱ የተጫነበት አሮጌው ኮምፒውተር በእጅ እያለ ቢሠራ ይመረጣል። ውጤቱን ከዋናው ጋር አመሳክሮ ማረጋገጥ የሚቻለው ያን ጊዜ ነውና።

በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሦስቱም ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ይነበባል። በዊንዶውስ ኤብሪማና ኒያላ፣ በማክኦኤስ ከፋ፣ በሊኑክስ ደግሞ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች ያገለግላሉ። የፎንቱ መለያየት የፊደሉን መልክ እንጂ መረጃውን አይለውጥም።

ሠንጠረዥ ወደ ሲኤስቪ ፋይል ሲወጣ «ዩቲኤፍ-8» የሚለው አማራጭ መመረጥ አለበት። በትክክል የወጣ ፋይል እንኳ በኤክሴል በቀጥታ ሲከፈት አማርኛው ተዛብቶ ሊታይ ይችላል። ይህ ሲያጋጥም ፋይሉን ሳያስቀምጡ ዘግተው፣ ከኤክሴል የዳታ ማስገቢያ ምናሌ ውስጥ ከጽሑፍ ፋይል የሚለውን መርጠው ዩቲኤፍ-8 ብለው ማስገባት ይኖርብዎታል። የተዛባውን ፋይል «አስቀምጥ» ማለት ጉዳቱን ዘላቂ ያደርገዋል።

4. ስሞችና ሞክሼ ፊደላት

ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በንባብ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ዓለሙ» ተብሎ የተመዘገበ አባል «አለሙ» ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም፤ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ይቆጠራሉ። በዚህም ምክንያት አንድ አባል ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ወይም «ስምዎ የለም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ፦

- እያንዳንዱ አባል የማይለወጥና ከስሙ ጋር ያልተያያዘ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ክፍያና ብድር የሚመዘገበው በዚህ ቁጥር እንጂ በስም አይሁን።
- ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይመዝገቡ። በውጭ አገር የተዘጋጁ ቅጾች የቤተሰብ ስም ብለው የሚጠይቁት ዓምድ ለእኛ አሰያየም አይስማማም።
- ስሙ ባለቤቱ በሚጽፈው ወይም በመታወቂያው ላይ ባለው አጻጻፍ ተመዝግቦ፣ በተጨማሪ ዓምድ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ፊደል ተጠቃለው ለመፈለጊያ ብቻ ይቀመጡ።
- ለገንዘብና ለብዛት የግዕዝ አኃዝ አይጠቀሙ። ፕሮግራሞቹ ፩፣ ፪፣ ፫ን እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር ስለማይወስዷቸው አይደምሯቸውም።
- የሠንጠረዦችና የዓምዶች ስያሜ በአጭር የላቲን ፊደል ያለ ክፍተት ቢጻፍ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲሻገር ችግር አይፈጥርም። በቅጹ ላይ ለተጠቃሚው የሚታየው ርእስ ግን አማርኛ ሊሆን ይችላል።

5. የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር

አብዛኞቹ የመረጃ ቋት ፕሮግራሞች ለቀን የመደቡት ዓምድ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ብቻ ነው። የእኛ ቀን በዚህ ዓምድ ሲገባ ሦስት ዓይነት ስሕተት ይፈጠራል።

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ቀኑን አልቀበልም ይላል። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በሁለተኛው ወር 30ኛው ቀን ነው። ለፕሮግራሙ ግን ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ በመሆኑና ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ስሕተት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ቀኑን ተቀብሎ በዝምታ ይለውጠዋል። ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. «3/13/2015» ተብሎ ሲገባ 13ኛ ወር የማያውቅ ፕሮግራም «ማርች 13 ቀን 2015» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ማንም ሳያስተውለው የክፍያው ቀን ተሳስቶ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ስሌቱ ይዛባል። በእኛ አቆጣጠር የተመዘገበ የብድር መመለሻ ቀን ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ሲነጻጸር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስለሚኖር፣ ጊዜው ያልደረሰ ብድር ከብዙ ዓመታት በፊት እንዳለፈ ተደርጎ ወለድና ቅጣት ሊሰላበት ይችላል።

መፍትሔው የኢትዮጵያን ቀን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል እንደ ጽሑፍ መመዝገብ ነው። ለምሳሌ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. «2016-02-30» ይሆናል። እንዲህ የተጻፈ ቀን በማንኛውም ፕሮግራም ሳይለወጥ ይሻገራል፤ በተራ ሲደረደርም የጊዜ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል። የቀናት ስሌት የሚያስፈልገው ተቋም በሁለተኛ ዓምድ የአውሮፓውያኑን አቻ ይጨምር። ለተጠቀሰው ቀን አቻው ኖቬምበር 10 ቀን 2023 ነው። የትኛው ዓምድ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በስያሜው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚለው ቀጠሮ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 9 ሰዓት በመሆኑ ክሊኒኮች በየትኛው እንደሚመዘግቡ አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል።

6. ከገጠር መሬት ምዝገባ የሚገኝ ትምህርት

የምሥራቅ ጎጃም አርሶ አደር ስለ መዝገብ አያያዝ ከማንም የተሻለ የሚያውቀው አንድ አብነት አለ። ይኸውም የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ነው። በአማራ ክልል ምዝገባው በ1990ዎቹ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ሲጀመር በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚገኘው የጎዛምን ወረዳ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ወረዳዎች አንዱ ነበር። ይዞታው በባሕረ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ለባለይዞታው ደብተር ተሰጠው፤ ባልና ሚስትም የጋራ ይዞታቸው በሁለቱም ስም ተመዘገበ።

መረጃውን በኮምፒውተር ለመያዝም አይስላ የተባለ ፕሮግራም በክልሉ ሥራ ላይ ዋለ። በኋላም ማሳዎች ተለክተው ካርታ የሚወጣላቸው የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ሲመጣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሌላ የመረጃ ሥርዓት ተዘረጋ። ፕሮግራሙ ተለወጠ፤ የባለይዞታው መብት ግን ከፕሮግራሙ ጋር አልተለወጠም። ለዚህም ማናቸውም ማኅበር ሊከተላቸው የሚገቡ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ማስረጃው በአንድ ቦታ ብቻ አለመቀመጡ ነው። ደብተሩ በአርሶ አደሩ እጅ፣ ባሕረ መዝገቡ በጽሕፈት ቤት፣ ሌላው ቅጂ በኮምፒውተር ይገኛል። ሁለተኛው በሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ እያንዳንዱ ማሳ ከባለይዞታው ስም የተለየ የራሱ መለያ ኮድ ያለው መሆኑ ነው። ሦስተኛው የማሳው ማንነት በስፋት አኃዝ ብቻ ሳይሆን በአራቱም አቅጣጫ ባሉ አዋሳኞች ጭምር መመዝገቡ ነው። አንዱ መረጃ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል።

ከዚሁ ጋር የመለኪያ ጉዳይ መታወስ አለበት። አርሶ አደሩ ማሳውን በጥማድ ይገምታል። ጥማድ በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ሲሆን በልማድ ወደ ሩብ ሄክታር ቢጠጋም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ በመረጃ ቋት ውስጥ «4» ብሎ ብቻ መመዝገብ በቂ አይደለም። መጠኑ በአንድ ዓምድ፣ መለኪያው በሌላ ዓምድ መጻፍ አለበት። ወደ ሄክታር የተለወጠ ከሆነም መጀመሪያ የተነገረው መጠን ሳይሰረዝ አብሮ ይቀመጥ። ለኩንታልና ለኪሎ ግራምም እንዲሁ ነው።

7. መዝገብን የማሻገር ቅደም ተከተል

ከአንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ ሌላ የሚሻገሩ ተቋማት ቀጥሎ የተመለከተውን ቅደም ተከተል እንዲከተሉ ይመከራል።

1ኛ. መዝገቡን በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ይዝጉ። ክፍት ሆኖ የተገለበጠ ፋይል ጎዶሎ ሊሆን ይችላል።

2ኛ. የፋይሉን ሙሉ ቅጂ በተለየ መሣሪያ ላይ ያስቀምጡና ዋናውን አይንኩ። ፍላሹ ወይም ሃርድ ዲስኩ «ኤክስፋት» በተባለው አቀራረጽ ከተዘጋጀ በሦስቱም ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ይነበባል፣ ይጻፍበታልም። በዊንዶውስ የተለመደውን «ኤንቲኤፍኤስ» ማክ ማንበብ እንጂ በራሱ ሊጽፍበት አይችልም።

3ኛ. ከማሻገርዎ በፊት ቆጥረው ይመዝግቡ፦ የአባላት ብዛት፣ የዕጣ ጠቅላላ ድምር፣ ያልተከፈለ ብድር ድምር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው የምዝገባ ቀን። ይህ ቆጠራ በወረቀት ታትሞ በኃላፊና በሒሳብ ሹም ይፈረምበት።

4ኛ. እያንዳንዱን ሠንጠረዥ በዩቲኤፍ-8 ወደ ሲኤስቪ ያውጡ። በእጅዎ ያለው የአክሰስ ፋይል ብቻ ሆኖ ዊንዶውስ ከሌለ፣ በሊኑክስ ላይ ኤምዲቢ ቱልስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሠንጠረዦቹን ሊያወጣ ይችላል።

5ኛ. በአዲሱ ፕሮግራም ሠንጠረዦቹን ሲፈጥሩ ለስልክ ቁጥርና ለመለያ ቁጥር የጽሑፍ ዓምድ ይምረጡ። ቁጥር ተብሎ ከተፈጠረ «09» ብሎ የሚጀምር ስልክ የመጀመሪያውን ዜሮ ያጣል።

6ኛ. የአባላት ፎቶግራፍ ከመዝገቡ ውጭ በፎልደር የተቀመጠ ከሆነ አድራሻውን ያስተካክሉ። ሊኑክስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ለይቶ ስለሚያይ በዊንዶውስ ይከፈት የነበረ ፎቶግራፍ ላይገኝ ይችላል።

7ኛ. በ3ኛው ተራ የተፈረመበትን ቆጠራ በአዲሱ መዝገብ ላይ ደግመው ያነጻጽሩ። የአንድ ሰው ወይም የአንድ ብር ልዩነት ቢኖር ምክንያቱ ሳይታወቅ ሥራ አይጀመር።

8ኛ. ከእያንዳንዱ ቀበሌ ጥቂት አባላትን መርጠው በእጃቸው ካለው ደብተር ጋር መዝገቡን ያመሳክሩ። ጳጉሜን ላይ የተመዘገቡትንና ስማቸው በሞክሼ ፊደል የሚጻፈውን መምረጥ ይበልጥ ይጠቅማል።

9ኛ. አሮጌውን ኮምፒውተር ቢያንስ አንድ የሒሳብ ዘመን ተዘግቶ ኦዲት እስኪደረግ ድረስ ሳይሰርዙ ያቆዩ።

8. መጠባበቂያ ቅጂና የግል መረጃ ጥበቃ

የመጠባበቂያ አያያዝ የታወቀ መመሪያ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ የሚል ነው። የቢሮው ኮምፒውተር፣ በካዝና የተቆለፈ ሃርድ ዲስክና በማኅበሩ ዩኒየን ወይም በሌላ ቅርንጫፍ የተቀመጠ ቅጂ ይህን ያሟላሉ። ከኮምፒውተሩ ጋር ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቆይ ፍላሽ ቫይረስም ሆነ የኤሌክትሪክ አደጋ አብሮ ስለሚያገኘው እንደ መጠባበቂያ አይቆጠርም።

የአባላት ስም፣ ስልክ፣ የብድር ሁኔታና የጤና መረጃ የግል መረጃ ነው። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የግል መረጃን የሚይዝ አካል የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። ስለዚህ የሚጓጓዝ ቅጂ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ ኮምፒውተር ለጥገና ሲሰጥ ወይም ሲሸጥ መዝገቡ ከውስጡ መውጣቱና መጥፋቱ ይረጋገጥ።

9. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ዳታቤዙን የሠራልን ባለሙያ ሥራ ለቋል፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ምን እናድርግ?
መልስ፦ መረጃው የማኅበሩ ንብረት በመሆኑ ባለሙያው እንዲያስረክብ በጽሑፍ ይጠየቅ። ለወደፊቱ ግን ከማንኛውም ባለሙያ ጋር የሚደረግ ውል ሦስት ነገሮችን ያካትት፦ የይለፍ ቃሉ ታሽጎ በካዝና እንዲቀመጥ፣ የሠንጠረዦቹና የዓምዶቹ ማብራሪያ በአማርኛ ተጽፎ እንዲረከብ፣ ሙሉው መረጃ በሲኤስቪ ሊወጣ እንደሚችል በርክክብ ጊዜ በተግባር እንዲታይ። ክፍያው ከዚህ በኋላ ይፈጸም።

ጥያቄ፦ አክሰስን በሊኑክስ ላይ በልዩ ዘዴ ማስነሣት አይቻልም?
መልስ፦ በሊኑክስ ወይም በማክ ውስጥ ዊንዶውስን እንደ ምናባዊ ኮምፒውተር ጭኖ አክሰስን ማስነሣት ይቻላል። ነገር ግን የዊንዶውስና የአክሰስ ፈቃድ እንዲሁም በቂ አቅም ያለው ኮምፒውተር ይጠይቃል። ለጊዜያዊ ሽግግር እንጂ ለዘለቄታው አይመከርም።

ጥያቄ፦ ኤክሴል ካለን የመረጃ ቋት ለምን ያስፈልገናል?
መልስ፦ ለጥቂት አባላትና ለአንድ ዓይነት ዝርዝር ኤክሴል በቂ ሊሆን ይችላል። አንድ አባል ብዙ ብድርና ብዙ ክፍያ ሲኖረው ግን ስሙ በየረድፉ ስለሚደጋገም ስሕተት ይበዛል። የመረጃ ቋት ስሙን አንድ ጊዜ መዝግቦ ሌላውን በመለያ ቁጥር ያያይዛል።

ጥያቄ፦ መዝገቡ ኮምፒውተር ከገባ በኋላ የወረቀቱን ማስወገድ እንችላለን?
መልስ፦ በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት የኤሌክትሮኒክ መልእክት በሕግ ዕውቅና አለው። ይሁን እንጂ ፊርማ ያረፈባቸው የአባልነት፣ የብድርና የክፍያ ሰነዶች ክርክር ሲነሣ መነሻ ማስረጃ በመሆናቸው መወገድ አይገባቸውም። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የተቋቋሙ ማኅበራት ሰነድ ከማስወገዳቸው በፊት የሚመለከተውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ማማከር ይኖርባቸዋል።

ጥያቄ፦ እኔ አባል እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። መብቴን እንዴት ላስከብር?
መልስ፦ የአባልነት መለያ ቁጥርዎን ይያዙ። ደረሰኝና ደብተር በእጅዎ ይኑር። በዓመት አንድ ጊዜ የዕጣዎንና የብድርዎን ሁኔታ የሚያሳይ የታተመ ወረቀት ከማኅበሩ ይጠይቁ። ስምዎ የተጻፈበት ፊደል በመታወቂያዎ፣ በደብተርዎና በኮምፒውተሩ አንድ መሆኑን ይመልከቱ፤ ልዩነት ካለ ክፍያ ከሚፈጸምበት ቀን በፊት እንዲታረም ያመልክቱ።

10. ማጠቃለያ

ማናቸውም መዝገብ የሚይዝ ተቋም ለሚከተሉት አራት ጥያቄዎች «አዎ» ብሎ መመለስ ከቻለ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ለውጥ አያሰጋውም፦ አማርኛው በዩኒኮድ ተጽፏል? ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተለይቶ ተመዝግቧል? እያንዳንዱ አባል ከስሙ የተለየ መለያ ቁጥር አለው? የሠንጠረዦቹ ቅጂ ያለ ዋናው ፕሮግራም በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ታይቷል?

አራተኛው ጥያቄ በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በተግባር መመለስ አለበት። በየስድስት ወሩ አንድ ቀን ተመድቦ፣ መጠባበቂያ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተርና በሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ተከፍቶ፣ የአባላቱ ቁጥርና የገንዘቡ ድምር ከዋናው ጋር ይነጻጸር፤ ውጤቱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።